ለቀን የእግር ጉዞ የሚሆን ታጣፊ ሰንጢ፦ የትኛውን ልምረጥ?

ዳገት ወጪ

ጤና ይስጥልኝ። በእረፍት ቀኖች ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ የእግር ጉዞ አዘወትራለሁ፤ ብዙውን ጊዜም አሥራ ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች ልጄ አብራኝ ትሄዳለች። እስካሁን የምይዘው አንድ አነስተኛ የወጥ ቤት ቢላዋ በካርቶን ሸፍኜ ነበር። ይሁን እንጂ ካርቶኑ በዝናብ ስለሚርስና የቢላዋው ጫፍ እየወጣ የቦርሳዬን ጨርቅ ስለሚበሳ፣ በኪስ ወይም በቦርሳው የጎን ኪስ ያለ ስጋት የሚቀመጥ ታጣፊ ሰንጢ ለመግዛት አስቤአለሁ።

ከሰንጢው የምፈልገው ሥራ ብዙ አይደለም። ዳቦና ፍራፍሬ እንዲቆርጥልኝ፣ ሲባጎና የቦርሳ ማሰሪያ እንዲበጥስልኝ፣ የታሸገ ዕቃ እንዲከፍትልኝ፣ እግር ውሃ ሲቋጥር ፕላስተር በልክ እንዲቆርጥልኝ፣ አልፎ አልፎም የምርኩዝ እንጨት ጫፍ እንዲያስተካክልልኝ እፈልጋለሁ። ውጭ ስለማላድር እንጨት የመፍለጥም ሆነ እሳት የማንደድ ሐሳብ የለኝም።

ሦስት ዓይነት ሰንጢዎች ተመልክቼ በመካከላቸው እያመነታሁ ነው። አንደኛው መቀስና ወረንጦ ያለው ቀዩ የስዊስ ሰንጢ፣ የቪክቶሪኖክስ 91 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው እጀታው እንጨት የሆነውና በቀለበት የሚቆለፈው ኦፒኔል ቁጥር 8 ነው። ሦስተኛው በአውራ ጣት የሚከፈት፣ በኪስ ላይ የሚንጠለጠልበት መያዣ ያለው፣ ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ብረቱም «ዲ2» የሚባል ጠንከር ያለ ሰንጢ ነው። ይህ ሦስተኛው በእጅ ሲያዝ በጣም ያስተማምናል፤ ሻጩም «ዕድሜ ልክ ያገለግላል» ይላል።

ስለቱ ሲከፈት የሚቆለፍ መሆን አለበት? የብረቱ ዓይነት ለእንዲህ ያለ ቀላል ሥራ ምን ያህል ልዩነት ያመጣል? የስለቱ ርዝመትስ ስንት ቢሆን ይበቃል? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወስፌ

ጤና ይስጥልኝ። የሰንጢውን ሥራ ዘርዝረው በመጠየቅዎ መልሱ ግማሽ መንገድ ተጉዟል ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ሰንጢውን ገዝቶ ነው ሥራ የሚፈልግለት፤ እርስዎ ግን ከሥራው ተነሥተዋል። በዘረዘሩት ሥራ መሠረት ከሦስቱ መጀመሪያ የሚወድቀው ሦስተኛው፣ በእጅ ሲያዝ የሚያስተማምነው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ውፍረቱ ነው።

አንድ ስለት ምን ያህል እንደሚቆርጥ የሚወስነው ጠርዙ መሳሉ ብቻ አይደለም፤ ከጠርዙ በላይ ያለው አካሉ ምን ያህል ቀጭን መሆኑም እኩል ይወስናል። ጀርባው 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰንጢ ጠርዙ እንደ ምላጭ ቢሳልም፣ ፖም ወይም ካሮት ውስጥ ከገባ በኋላ እንደ ሽብልቅ ግራና ቀኝ መግፋት ይጀምራል። ካሮቱ ቀጥ ብሎ መቆረጡ ይቀርና ግማሹ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ ይሰነጠቃል። ዳቦ ከሆነ ደግሞ ይጨፈለቃል። ጀርባው 2 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ፣ ከጀርባው እስከ ጠርዙም ቀስ እያለ የሚሳሳ ስለት ግን ያለ ጉልበት ይወርዳል። የሚያስፈልገው ጉልበት ባነሰ ቁጥር እጅ የመሳቱ ዕድልም ስለሚያንስ፣ ቀጭን ስለት ለደኅንነትም የተሻለ ነው። ወፍራሙ ስለት የተሠራው ለመፈልቀቅና ለከባድ የእንጨት ሥራ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ይህን አልፈልግም ብለዋል። ለከባድ የእንጨት ሥራም ቢሆን የተሻለው የማይታጠፍ ቢላዋ ነው፤ የማንኛውም ታጣፊ ሰንጢ ደካማ ቦታው መታጠፊያው ነውና።

ስለ ርዝመት፣ ከ6 እስከ 8.5 ሴንቲ ሜትር ያለ ስለት ለቀን ጉዞ ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የስዊሱ ሰንጢ 91 ሚሊ ሜትር የሚባለው የታጠፈው ሰንጢ ርዝመት ነው እንጂ የስለቱ አይደለም፤ የትልቁ ስለት ቆራጭ ክፍል 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኦፒኔል ቁጥር 8 ስለት ግን ራሱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ትልቅ የዳቦ ሙልሙል በአንድ ጊዜ መቁረጥ ካማረዎት ልዩነቱ ይታወቅዎታል፤ ለሌላው ሥራ ሁሉ ግን አጭሩ ስለት በእጅ ውስጥ ይበልጥ ይታዘዛል።

የእኔ ምክር ወደ ስዊሱ ያዘነብላል፤ ምክንያቴም ስለቱ ሳይሆን መቀሱና ወረንጦው ነው። በቀን ጉዞ ላይ ሕመም የሚያመጡት ነገሮች በአብዛኛው ትንንሾች ናቸው፤ እሾህ ይወጋል፣ ጫማ ይልጣል፣ ጥፍር ይሰነጠቃል። እሾህ በስለት ጫፍ ለማውጣት መታገል ቁስሉን ማስፋት ነው፤ በወረንጦ ግን በአንድ ትንፋሽ ይነቀላል። የእግር ፕላስተርም ማዕዘኑ ክብ ሆኖ ሲቆረጥ ካልሲው አያነሣውም፤ ክብ አድርጎ ለመቁረጥ ደግሞ መቀስን የሚተካ የለም። ወስፌውም የተበጠሰ የቦርሳ ማሰሪያ ቀዳዳ ለመብሳት ይረዳል።

ይህ ሰንጢ ብዙ መሣሪያ ይዞ ቀጭን ሊሆን የቻለበት ምክንያት የሚደነቅ ነው። የቪክቶሪኖክስ መሥራች ካርል ኤልስነር እ.ኤ.አ. በ1884 በስዊዘርላንድ ኢባኽ በተባለ ቦታ የቢላዋ መሥሪያውን ከከፈተ በኋላ መጀመሪያ ለወታደሮች ከበድ ያለ ሰንጢ ይሠራ ነበር። በ1897 ያስመዘገበው የመኮንኖች ሰንጢ ግን አንዱ ሞላ በእጀታው በሁለቱም ወገን ያሉትን መሣሪያዎች እንዲይዝ የሚያደርግ ነበር። ዛሬ በእጅዎ የሚይዙት ሰንጢ በጀርባው በኩል ወስፌ፣ በሆዱ በኩል ስለት ሊኖረው የቻለው በዚሁ ዘዴ ነው።

ክብደትም ቢሆን ችግር የለውም። መቀስ ያለው መካከለኛው ሞዴል ወደ 80 ግራም፣ መጋዝ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ 100 ግራም ይጠጋል። መጋዙ ለእርስዎ ሥራ አያስፈልግም፤ ይተዉት።

የጫካ ጥላ

ወስፌ ስለ ውፍረት በተናገሩት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስለ መቆለፊያ ግን ምንም ሳይሉ ማለፋቸው ጥያቄውን ያጎድለዋል፤ በተለይ አብራ የምትጓዝ ልጅ ስላለች በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

የስዊሱ ሰንጢ መቆለፊያ የለውም። ስለቱን ተከፍቶ የሚይዘው ጀርባው ላይ ያለው ሞላ ብቻ ነው፤ ከሞላው ጉልበት የበለጠ ግፊት ስለቱን ወደ መታጠፊያው አቅጣጫ ከገፋው ስለቱ በጣት ላይ ይዘጋል። ወደ ታች ተጭኖ መቁረጥ ስለቱን ይበልጥ ስለሚከፍተው በዚህ በኩል ስጋት የለም። አደጋ ያለው ሦስት ነገር ሲደረግ ነው፤ በጫፉ ለመብሳት ሲገፋ፣ ስለቱ እንጨት ውስጥ ተይዞ ወደ ኋላ ሲጎተት፣ ወይም የስለቱ ጀርባ ሲመታ። ፍራፍሬና ዳቦ ለሚቆርጥ አዋቂ መቆለፊያ የግድ አይደለም። የምርኩዝ ጫፍ ለሚጠርብና እጁ ገና ላልለመደ ልጅ ግን መቆለፊያ ቢኖረው የተሻለ ነው ባይ ነኝ፤ በዚህ ነጥብ ኦፒኔል ይቀድማል።

የመቆለፊያ ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ ለገዢ የሚጠቅመው አሠራራቸውን ማወቅ ነው። የኦፒኔል ቀለበት እ.ኤ.አ. በ1955 የተጨመረ ሲሆን፣ በመታጠፊያው ዙሪያ የሚሽከረከር የተሰነጠቀ የብረት ቀለበት ነው። ስለቱን ከከፈቱ በኋላ ቀለበቱን ሲያዞሩት ስንጥቁ ከስለቱ መውጫ ይርቅና ስለቱ መመለሻ ያጣል። በአሁኖቹ ሞዴሎች ሰንጢው ታጥፎ ሳለም ሊቆለፍ ስለሚችል በቦርሳ ውስጥ በራሱ አይከፈትም፤ ይህ ልጅ ላለው ሰው ትልቅ ነገር ነው። የጀርባ መቆለፊያ የሚባለው፣ በ1960ዎቹ በአሜሪካው የባክ 110 ሰንጢ ስሙ የገነነው፣ በእጀታው ጀርባ ላይ ያለ ዘንግ ስለቱን ሲነክሰው ይሠራል፤ ለመዝጋት ጀርባውን መጫን ይበቃል። ሦስተኛው፣ እርስዎ በተመለከቱት ወፍራም ሰንጢ ላይ ሊኖር የሚችለው፣ በእጀታው ውስጥ ያለ ስስ የብረት ምላስ ወደ ጎን ተፈናጥሮ ከስለቱ ሥር የሚደገፍበት ነው። ጥሩ ሲሠራ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ለመዝጋት አውራ ጣትዎን ስለቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ ማስቀመጥ አለብዎት። አዋቂ ይለምደዋል፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን አልመርጠውም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። መቆለፊያ ያለው ሰንጢ የያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ድፍረቱ ይጨምራል፤ መቆለፊያ ግን የመጨረሻ መከላከያ እንጂ የአያያዝ ምትክ አይደለም። አሸዋ ወይም የፍራፍሬ ጭማቂ የገባበት መቆለፊያ ሙሉ በሙሉ ሳይነክስ ይቀራል፤ የተቆለፈም ይመስላል። ስለዚህ የሚቆለፍ ሰንጢም ቢሆን እንደማይቆለፍ ተቆጥሮ መያዝ አለበት።

ሕጉንም አይዘንጉ። ስለ ሰንጢ የሚወጡ ሕጎች ከአገር አገር በጣም ይለያያሉ፤ መቆለፊያውና በአንድ እጅ መከፈቱ ራሱ በሕግ የሚታይባቸው አገሮች አሉ። ለምሳሌ በብሪታንያ ቆራጭ ጠርዙ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ የሚታጠፍና የማይቆለፍ ሰንጢ ያለ ልዩ ምክንያት በአደባባይ መያዝ ይፈቀዳል፤ የሚቆለፍ ከሆነ ግን አጭር ቢሆንም በቂ ምክንያት ይጠየቅበታል። ወደሚጓዙበት ቦታ የሚሠራውን ሕግ አስቀድሞ ማየት ይገባል። በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ሰንጢው በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይሁን።

መሳያ ድንጋይ

ስለ ብረቱ የተጠየቀው ሳይመለስ ስለቀረ እኔ ልሞክር። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፤ ለዘረዘሩት ሥራ ከብረቱ ዓይነት ይልቅ ባለቤቱ መሳል መቻሉ እጅግ የበለጠ ልዩነት ያመጣል። በጣም ውድ ብረት የደነዘ ዕለት፣ በወጉ ከተሳለ ተራ ብረት ያንሳል።

የማይዝግ ብረት የሚባለው ክሮሚየም ቢያንስ 10.5 በመቶ ያለበት ነው። ክሮሚየሙ በብረቱ ገጽ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይፈጥርና ዝገትን ይከለክላል። ቪክቶሪኖክስ የሚለው ስም ራሱ የመሥራቹ እናት ስም ከሆነው ቪክቶሪያና የማይዝግ ብረትን ከሚያመለክተው «ኢኖክስ» የተገጣጠመ ነው። የዚህ ሰንጢ ስለት የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል መለኪያ 56 አካባቢ ይጠነክራል። ይህ ከዘመኑ ውድ ብረቶች ጋር ሲነጻጸር ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ቢደነዝም በጥቂት ደቂቃ ተመልሶ ይሳላል፤ ድንጋይ ቢነካም ከመሰበር ይልቅ መታጠፍ ይቀናዋል።

ኦፒኔል ደግሞ በሁለት ዓይነት ብረት ይመጣል፤ ስለቱ ላይ «ካርቦን» ወይም «ኢኖክስ» ተብሎ ታትሞበታል። የካርቦኑ ብረት በቀላሉ ይሳላል፤ ጠርዙም በጣም ስስ ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን ክሮሚየም ስለሌለው ብርቱካን ወይም ሎሚ ቆርጠው ሳይጠርጉት ከቆዩ ገጹ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል፤ እርጥብ ሆኖ ካደረ ይዝጋል፤ የፍራፍሬውንም ጣዕም ብረት ብረት ሊያሰኘው ይችላል። ጥቁረቱ ራሱ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ከጊዜ በኋላ ስለቱን በመጠኑ ከዝገት ይከላከላል። ቀዩ ዝገት ግን ጠርዙን ይበላዋል። ፍራፍሬ ለሚቆርጥና በዝናብ ለሚጓዝ ሰው የማይዝገውን እመርጣለሁ።

«ዲ2» ካርቦኑ 1.5 በመቶ፣ ክሮሚየሙ ደግሞ 12 በመቶ ገደማ የሆነ፣ መጀመሪያ ለፋብሪካ መቁረጫ መሣሪያዎች የተሠራ ብረት ነው። ክሮሚየሙ ብዙ ቢመስልም ከካርቦኑ ጋር ተጣምሮ ጠንካራ ቅንጣቶች ስለሚሠራ፣ ዝገት ለመከላከል የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የማይዝግ አይባልም። ስለቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ብዙ ካርቶን ለሚቆርጥ ሰው ይህ ይጠቅማል። አንዴ ከደነዘ በኋላ ግን በተራ ድንጋይ መልሶ መሳል ለጀማሪ አድካሚ ነው።

አሁን ወደ መሳሉ። ሁለት ገጽ ያለው አንድ ድንጋይ፣ አንዱ ገጽ 400 ሌላው 1000 ቁጥር የሆነ (ቁጥሩ ከፍ ሲል ገጹ ይለሰልሳል)፣ ለዓመታት ይበቃዎታል። ድንጋዩን ውሃ አጠጥተው እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡት። የስለቱን ጀርባ ከድንጋዩ ከፍ ያድርጉ፤ ምን ያህል ከፍ እንደሚደረግ ለማወቅ የስለቱ ወርድ ይረዳል፤ ወርዱ 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጀርባው ከድንጋዩ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ሲርቅ 20 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ 5 ሚሊ ሜትር ሲርቅ ደግሞ ወደ 15 ዲግሪ ይጠጋል። ለጉዞ ሰንጢ በእነዚህ መካከል ያለው ይስማማል። ያንን ከፍታ ሳይለውጡ አንዱን ወገን ብቻ ደጋግመው ይሳቡ። በሌላው ወገን ጣትዎን ከጀርባው ወደ ጠርዙ አቅጣጫ (በፍጹም በጠርዙ ርዝመት አይደለም) ቀስ አድርገው ሲያንሸራትቱ፣ ጠርዙ ላይ የሚሻክር በጣም ስስ የብረት ትርፍ ይሰማዎታል። ይህ ሻካራነት ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ሳይቋረጥ ሲሰማ ወገኑ በትክክል ተስሏል ማለት ነው፤ እስኪሰማ ድረስ ግን ወደ ሌላው ወገን አይዙሩ። የብዙ ሰዎች ሰንጢ ሳይሳል የሚቀረው ይህን ሳይጠብቁ ወዲያና ወዲህ ስለሚያገላብጡት ነው። ከዚያ ሌላውን ወገን እንደዚሁ፣ ቀጥሎ በ1000ው ገጽ በቀላል እጅ፣ በመጨረሻም ትርፉ እንዲወገድ በቆዳ ቀበቶ ጀርባ ላይ በስለቱ ጀርባ አቅጣጫ መጎተት ነው። የወረቀት ጠርዝ ላይ አስቀምጠው ሲስቡት ሳይቀደድ ከተቆረጠ ሥራው አልቋል።

ዳገት ወጪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወፍራሙን ሰንጢ ትቼዋለሁ። አሁን የቀረኝ በስዊሱና የማይዝግ ብረት ባለው ኦፒኔል መካከል መምረጥ ነው። ሁለት ጥያቄዎች ይቀሩኛል። አንደኛ፣ የእንጨት እጀታ ዝናብ ሲነካው ያብጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይህ በእርግጥ ችግር ነው? ሁለተኛ፣ ሱቅ ውስጥ ሰንጢውን ሳነሣ ምን ምን ልመልከት? አንድ ዓይነት ሞዴል ሁሉ እኩል በጥንቃቄ የተሠራ ነው ብዬ ማመን ይከብደኛል።

ወስፌ

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ትክክል ነዎት፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ሰንጢዎችም ይለያያሉ፤ ስለዚህ ሻጩን ሁለት ሦስቱን እንዲያወጣልዎ ይጠይቁት።

መጀመሪያ ሰንጢውን ታጥፎ እንዳለ ከላይ ይመልከቱት። ስለቱ በሁለቱ የእጀታ ግድግዳዎች መካከል መሐል ላይ መቀመጥ አለበት፤ ወደ አንዱ ተጠግቶ የሚፍቅ ከሆነ ይመልሱት። ቀጥሎ ይክፈቱትና ጫፉን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ጎን፣ ከዚያም ወደ ላይና ወደ ታች በቀስታ ይነቅንቁት። ወደ ጎን የፀጉር ያህል መነቃነቅ በማይቆለፍ ሰንጢ ላይ ሊታለፍ ይችላል፤ በሚቆለፍ ሰንጢ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች መነቃነቅ ግን መቆለፊያው በደንብ አለመንከሱን ያሳያል፤ ይህን አይለፉት። ከዚያ ስለቱን ወደ ብርሃን አዙረው ጠርዙን ፊት ለፊት ይዩት። በትክክል የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፤ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካዩ እዚያ ላይ ደንዝዟል ወይም ተሸርፏል። የስዊሱን መቀስ በስስ ወረቀት ይሞክሩት፤ እስከ ጫፉ ድረስ መቁረጥ አለበት፤ ጫፉ ላይ ወረቀቱን የሚያጥፍ ከሆነ ሌላ ይጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ልጅዎን ይዘዋት ይሂዱ። የስዊሱ ስለት የሚከፈተው በጥፍር መያዣዋ ጎድጓዳ ነው፤ ሞላው አዲስ ሲሆን ጠጣር ስለሆነ የልጅ ጥፍር አይችለው ይሆናል። የማይችሉት ሞላ ደግሞ ሲለቅ በድንገት ስለሚመለስ ጣት ይቆርጣል። ለመክፈት የምትታገል ከሆነ ያ ሰንጢ ለጊዜው የእርስዎ ብቻ ይሁን።

የጫካ ጥላ

ስለ እንጨቱ ልመልስ። አዎ፣ ያብጣል። የኦፒኔል እጀታ አብዛኛውን ጊዜ ቢች ከሚባለው ዛፍ የሚሠራ ነው፤ ለረጅም ሰዓት ሲርስ መታጠፊያው ዙሪያ ያለው እንጨት ስለቱን ጨምቆ ይይዘውና ለመክፈት ያስቸግራል። ያን ጊዜ ስለቱን በጥፍር ከመጎተት ይልቅ ቀለበቱን ወደ መክፈቻው አዙሮ የእጀታውን ጭራ በእንጨት ወይም በድንጋይ ላይ ቆም አድርጎ መምታት ይበቃል፤ ስለቱ በራሱ ክብደት በመጠኑ ብቅ ስለሚል በጣት ይያዛል። የኦፒኔል አገር የሆነው የሳቮይ ሰዎች ዘዴ በመባል ይታወቃል። ቤት ሲመለሱ ከፍተው በጥላ ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ካስቀመጡት እንጨቱ ይሰነጠቃል። በአጭሩ፣ እጀታው ዝናብ ነካው ተብሎ አይበላሽም፤ በባልዲ ውስጥ ተነክሮ ማደር ግን አይወድም።

ስለ ልጅዎ ደግሞ፣ የትኛውንም ቢገዙ ጥቂት ደንቦችን ከመጀመሪያው ቀን ብታውቅ ጥሩ ነው። ሰንጢ ተከፍቶ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ ታጥፎ ይሰጣል። ተከፍቶ ተይዞ አይራመዱም፣ አንድ እርምጃም ቢሆን። ከመክፈቷ በፊት እጇን ዘርግታ በዙሪያዋ ትዞራለች፤ የሚነካት ሰው ካለ ይራቅ ወይም እሷ ቦታ ትቀይር። ተቀምጣ ስትጠርብ ክርኖቿን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ከጉልበቷ ወዲያ ትጥረብ እንጂ በጭኖቿ መካከል አይሁን፤ በጭን ውስጠኛ ወገን ትልቅ የደም ቧንቧ ያልፋልና በዚያ ቦታ የሚደርስ ቁስል ከጣት ቁስል ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሁልጊዜም ከሰውነት ወደ ውጭ ይቆረጣል፤ ሌላው እጅ ከስለቱ ኋላ ይሁን። ቢቆርጣትም ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ ቁስሉን በቀጥታ ለብዙ ደቂቃ ሳይከፍቱ መጫን ነው፤ በየሰከንዱ እየገለጡ ማየት ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል።

ሁለቱም ድርጅቶች ለልጆች ብለው የስለቱን ጫፍ ክብ አድርገው የሚሠሩት ሞዴል እንዳላቸውም ልጠቁም። አብዛኛው የልጆች ጉዳት በመወጋት ስለሚመጣ አይደለም፤ ልጅ ሰንጢዋን ይዛ በምትወድቅበት ጊዜ ግን የጫፉ ክብነት ብዙ ያድናል።

ዳገት ወጪ

ውሳኔዬን ላሳውቃችሁ። መቀስና ወረንጦ ያለውን፣ መጋዝ የሌለውን የስዊስ ሰንጢ ለራሴ እገዛለሁ፤ ከሕክምና ከረጢታችን ጋር ይቀመጣል። ለልጄ ደግሞ ጫፉ ክብ የሆነውን፣ በቀለበት የሚቆለፈውን ኦፒኔል እገዛላታለሁ፤ ምርኩዟን የምትጠርበው እኔ አጠገቧ ስሆን ብቻ ነው። ሁለቱም ቀላል ስለሆኑ በክብደት በኩል የምጎዳው ነገር የለም። የመሳያ ድንጋዩንም በዚያው እገዛለሁ።

መሳያ ድንጋይ

መልካም ምርጫ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የስዊሱ ሰንጢ አቧራና የዳቦ ፍርፋሪ ሞላው ሥር ሲገባበት ይከብዳል፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ መሣሪያዎቹን ሁሉ እየከፈቱና እየዘጉ ያጥቡት፣ በደንብ ያድርቁት፣ ከዚያ በየመታጠፊያው አንድ አንድ ጠብታ የማሽን ዘይት ያድርጉ። ምግብ የሚነካ ስለት ስለሆነ ለምግብ መሣሪያ የተፈቀደ፣ ሽታ የሌለው የማዕድን ዘይት ቢያገኙ ይመረጣል። የምግብ ዘይት ግን አይጠቀሙ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደ ሙጫ ይጣበቅና ሞላውን ከበፊቱ የባሰ ያከብደዋል። የኦፒኔሉን እጀታ በውሃ አይንከሩ፤ ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና ማድረቅ ይበቃዋል። ድንጋዩ እጅዎ ሲገባ መጀመሪያ በአሮጌው የወጥ ቤት ቢላዋ ይለማመዱ፤ ከፍታውን ሳይለውጡ መሳብ ሲሆንልዎ ወደ አዲሶቹ ይሸጋገራሉ።